ጀርባው የተጠገነው ዘንዶ

ኅዳር ሰባት ቀን ነበር፤ መጽሐፍ ጠራዡ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው በዚያው ዕለት ነው። ጠዋት ሚስቱ አንዲት ካርታ አምጥታ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ወገቧ ላይ ተቀደደችብኝ» አለችው። «እንደ መጻሕፍትህ አድርገህ ጠግንልኝ።»

ሚስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ዕጣ ፈንታ የሚነገርበትን የታሮት ካርታ ታነብ ስለ ነበር ሰፈርተኛው «እትዬ ካርታ» ይላት ነበር። ካርታዎቹ ሰባ ስምንት ሲሆኑ በሁሉም ላይ ዘንዶ ተሥሎባቸዋል፤ አንዱ ባሕር ይጠጣል፣ አንዱ ወርቅ ላይ ተኝቷል፣ አንዱ ገና ከእንቁላሉ አፍንጫውን ብቅ አድርጓል። በተቀደደችው ካርታ ላይ ያለው ግን ክንፉን እንደ ከፈን የተከናነበ ጥቁር ዘንዶ ነበር፤ ትርጉሙም ሞት ነው።

ጠራዡ በሙያው ቀልድ አያውቅም። ቅዳዱን ገጥሞ፣ በጀርባዋ ስስ ወረቀት በሙጫ ለጥፎ፣ በመጭመቂያ ሥር አሳደራት። በማግሥቱ ሲያወጣት መቀደዷ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥቁሩ ዘንዶ መውጣት አበዛ። በእትዬ ካርታ ደንብ፣ የሚነበብለት ሰው የተበወዙትን ካርታዎች በገዛ እጁ ለሁለት ይከፍላል፤ ከተከፈለበት ሥፍራ ያለችው ካርታ ትገለጣለች። የታች ቤቷ ልብስ ሰፊ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከፍላ ሁለቱንም ጊዜ እሱኑ አወጣች።

«እትዬ፣ ይህ ሰውዬ ቤት ተከራይቶ ገባ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እትዬ ካርታ አልሳቀችም። በብብቷ ሥር እብጠት ወጥቶባት፣ ሐኪም ቤቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣላት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ስለዚሁ ጉዳይ ለራሷ ስትከፍልም ጥቁሩ ዘንዶ ወጣ። በማግሥቱም እንዲሁ።

«ቢላዋ አይነካኝም» አለች ለባሏ። «ተነግሮኛል።» ከዚያም ለእኅቷ የሚሰጡትን ቀሚሶች እየለየች ታጥፍ ጀመር።

ጠራዡ ነገሩ የገባው ልብስ ሰፊዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትከፍል አውራ ጣቷን ሲያይ ነው። ጣቷ በካርታዎቹ ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። እንግዳዋ እስክትወጣ ጠብቆ ከሚስቱ ፊት ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «ወረቀት ለጥፌ ካርታዋን አወፈርኳት። ጣት እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪ።»

ሞከረች፤ ጥቁሩ ዘንዶ ወጣ። በውዛ ደግማ ሞከረች፤ ያው እሱ ነው።

«አየሽ?»

«አየሁ። ከሰባ ስምንቱ እሷን ለይቶ የቀደዳትስ ማን ነው?»

ጠራዡ ካርታዋን አገላብጦ አየ። ወረቀቱን ልላጠው ቢል ሥዕሉ አብሮ ይላጣል፤ ካርታዋ ከጎደለች ደግሞ ንባብ የለም።

«እንግዲያው የሁሉንም ጀርባ እንደ እሷ ለጥፍ» አለችው። «እኩል ይሁኑ። ያኔ ካርታው ሂጂ ካለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

ቃል ገባላት። መጭመቂያው ትንሽ ስለ ነበረ በአንድ ሌሊት ከጥቂት ካርታ በላይ አይይዝም፤ ጠራዡም ከመጠኑ አልፎ የረጠበውን እንደገና ይሠራው ነበር።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው እጇን ይዘው ቢወስዷትስ?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«እንግዲያው ግማሹን ለጥፈው ጨረስኩ ይበሏት።»

«ጣቷ ያውቃል» አለ።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ከካርታዎቹ እኩሌታው ገና አልተነካም ነበር። ሌላ ቀጠሮ ይሰጡናል ብሎ ልቡን አጽናና። እብጠቱ ግን ሙጫ እስኪደርቅ የሚጠብቅ አልነበረም።

ጥር ሲጋመስ የመጨረሻዋን ካርታ አወጣ። እትዬ ካርታ በውዛ ከፈለች። ከእንቁላሉ ብቅ ያለው ትንሹ ዘንዶ ወጣ። ለብዙ ጊዜ ያልታየ ፈገግታ ፊቷን ፈታው፤ ተነሥታም ካፖርቷን ደረበች።

ሐኪሙ የራጅ ፎቶግራፏን በብርሃን ላይ ይዞ አየ።

«ለምን ዘገያችሁ?» አለ። «በቀጠሮው ብትመጡ ኖሮ እናወጣው ነበር። አሁን ተሠራጭቷል።»

ጠራዡ በጥፍሮቹ ሥር የደረቀውን ሙጫ ተመለከተ።

«ሥራ ነበረብኝ» አለ።

 ቤት ሲገቡ ሚስቱ ካርታዎቹን ወደ ሳጥናቸው ልትመልስ ሞከረች፤ ወፍረዋልና አልገባ አሉ።

«ጠበባቸው» አለች። «አዲስ ሥራላቸው። በዚህኛው ግን አትዘግይ።»

ጠራዡ በዕድሜው ሙሉ ሠርቶ በማያውቀው ፍጥነት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሠራው። አንደኛው ማዕዘን ተንጋደደ። እሷም በተንጋደደው ማዕዘን ላይ ጣቷን ቀስ አድርጋ አሳለፈችና «ይበቃል» ብላ ከደነችው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በቀኖቹም ሆነ በካርታዎቹ ሥዕል ያዛነፍኩት ቢኖር፣ ባልና ሚስቱን የምታውቁ አንባቢዎች እንድታርሙኝ እለምናለሁ።