እታለም የተባለው ማሽን

ማሽኑ አሁንም አልነሳም አለ።

"ምኑን ነክተህ ነው?" አለች እህትየው፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

"ምንም አልነካሁም። ኮፒ አደረግኩት፣ ከዚያ የፋይሎቹን ስም ቀየርኩ። በቃ።" ታናሽ ወንድሟ ከወንበሯ ጀርባ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

"ስማቸውን ከውጭ ብቻ ነዋ የቀየርከው! ውስጥ ያለው ማዘዣ ፋይል አሁንም በድሮ ስማቸው እየፈለጋቸው ነው፤ በምን ያግኛቸው? ስንት ጊዜ ነገርኩህ፣ ማሙሽ?"

"አንቺ እያለሽልኝ ለምን ልሸምድደው?" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እንዲህ ሲላት ሁልጊዜ ትሸነፍለታለች።

ጠዋት ደውሎ "የጓደኛዬ ቢሮ ነኝ፣ የመለማመጃ ኮፒ ልሥራ ብዬ ተበላሸብኝ፣ ድረሺልኝ" ሲላት የልጆቿን ልብስ ዘፍዝፋ ትታ ነው የመጣችው። ኮፒ የተደረገው በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ነው። በውስጡ ያለው የላቦራቶሪ ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም የእሷ ነው፤ ቅጥር ሥራዋን ትታ ሁለት ዓመት የለፋችበት። መሥራት የእሷ፣ ገዢ መፈለግ የወንድሟ ድርሻ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንገቱን ደፍቶ መጣና "እታለም፣ ገዢ ጠፋ፣ ይቅርብን" አላት። አልቅሳ ሲወጣላት ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ለመመለስ ተስማማች። ከሰኞ ጀምሮ ትገባለች። ባሏም እፎይ ብሏል።

ማዘዣውን ከፈተች። በየመስመሩ "እታለም" ይላል። ሥራውን ሲጀምሩ ለማሽኑ ይህን ስም ያወጣው ወንድሟ ነበር፤ እሷን የሚጠራበት ስም ነው።

"በምን ልተካው?"

"በእኔ ስም አድርጊው።"

"ለመለማመጃ?"

"ምን ችግር አለው? ዝም ብለሽ ጻፊው።"

ጻፈች። "እታለም" ባለበት ሁሉ የወንድሟን ስም እየተካች ግማሽ ስትደርስ በሩ ተከፈተና ነጭ ጋዋን የደረበች ሴት ገባች።

"ደረሰልን?" አለች ወደ ወንድምየው። "ዛሬ ይጀመራል ብለን ሠራተኛው ሁሉ እየጠበቀ ነው።" ከዚያ ወደ እህትየው ዞራ ፈገግ አለች። "ረዳታቸው ነዎት? እድለኛ ነዎት። ሁለት ዓመት ብቻቸውን ታግለው የሠሩት ፕሮግራም እኮ ነው! ባለፈው ወር ከተፈራረምን ወዲህ ሌሎቹ ላቦራቶሪዎቻችንም ለእኛም ይምጣልን እያሉን ነው።"

የእህትየው ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ደረቁ። ባዕድ ቢያደርገው ትጮህ ነበር። ይህ ግን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ የሰረቃት ሳያንስ ስሟን በገዛ እጇ እያስፋቃት ነው።

ወንድምየው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "በእማዬ ሞት፣ እዚህ አታዋርጂኝ። እቤት አስረዳሻለሁ።"

እሷ የቀሩትን መስመሮች አንድ ሳታስቀር ቀየረችና ማሽኑን እንዲነሳ አዘዘችው። ሊነሳ ሲል ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ብቅ አለ፤ ይህ ማሽን ከሌላ ቦታ የተዛወረ ነው ወይስ የተቀዳ?

"አዛወርኩት በይው" አለ ወንድምየው ፈጠን ብሎ።

"አዛወርኩት" ከተባለ ማሽኑ ያው የድሮው ነው፤ ፕሮግራሙም ሳይጠራጠር ይከፈታል። "ቀዳሁት" ከተባለ ግን ማሽኑ አዲስ መለያ ያገኛል፤ ያኔ ፕሮግራሙ ተቆልፎ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ቃሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ይህችን ወንድሟ አልረሳትም።

"እታለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን እያለ ነው?" ሴትየዋ ጠጋ አለች።

"ከየት እንደመጣ እየጠየቀ ነው" አለች እህትየው። ሴትየዋ ስክሪኑን በደንብ እንድታይ ወንበሯን ገለል አደረገችላትና "ቀዳሁት" የሚለውን ተጫነች።