ሰባት ሚስማር በጉቶው ውስጥ

መጥረቢያው ጉቶው ላይ ሲያርፍ የወጣው ድምፅ የእንጨት ድምፅ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የደንበኛ ቀሚስ ትጨርስ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። በመስኮት አሻግራ ብታይ አናጢው ባሏ መጥረቢያውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል።

«ተሸረፈ» አለ ለራሱ። «ሥሩ ድንጋይ ውጦ ነው ያደገው መሰለኝ።»

ድንጋይ አልነበረም። ምን እንደነበር በዚያ ግቢ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሰባት ሚስማር። እያንዳንዱ የመሃል ጣት የሚያህል፣ በገዛ እጇ መትታ፣ በብረት ዘንግ ጫፍ ገፍታ እስከ ውስጥ ድረስ የቀበረችው። ደርሶ ዛፍ ላይ ሚስማር የሚመታ ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። የፈራ ሰው ነው፤ ሌላ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፉ ቤቱን ተጠግቶ የቆመ፣ ቅርንጫፉን ትንሿ ልጇ በምትተኛበት ክፍል ጣሪያ ላይ የዘረጋ ሽማግሌ ዛፍ ነበር። ካቻምና በክረምት ጭን የሚያህል ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ቆርቆሮውን አጉብጦ ወደ አልጋው አወረደው። ልጅቷ እግዜር ሲያወጣት የዚያን ዕለት ከአክስቷ ቤት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ አይወስዳትም። አማቷን ለመነች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። አማት ግን ወይ ፍንክች። «ባለቤቴ የተከለው ዛፍ ሬሳዬ ከዚህ ቤት ሳይወጣ አይቆረጥም» አሉና ጆሮ ዳባ ልበስ። አናጢው እንደሆነ በእናቱና በሚስቱ መካከል ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ያላለቀ ወንበር ትዝ ይለዋል። ተነሥቶ ከግቢው ጀርባ ወዳለው የእንጨት ሥራ ክፍሉ ይገባና መዶሻውን ያነሣል።

ታዲያ አንድ ቀን ወገቧን የምትለካላት ደንበኛ፣ ነገር የማያልቅባት ሴት፣ «ዝገት የበላው ሚስማር ከሥሩ ላይ ምቺበት፤ ዓመት ሳይሞላው ይደርቃል» አለቻት። ይደርቅ አይደርቅ ማን ሞክሮት ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ግን ያዘችው። አማቷ ለደም ግፊታቸው ክሊኒክ በሚሄዱበት ቀን ጠብቃ፣ ከባሏ የሚስማር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ያረጀ ሚስማር ዘግና፣ ከዛፉ ግርጌ ተንበረከከች። ብልሃቷ ደግሞ ይገርማል፦ ባሏ ከጀርባ ሲመታ ትመታለች፤ ሲያቆም ታቆማለች። ሁለት መዶሻ እንደ አንድ መዶሻ ተሰማ። ቀዳዳዎቹንም እሱ ቁም ሳጥን ሲያበጅ እንዳየችው ሰጋቱራ በኮላ ለውሳ ደፈነቻቸው። ሰባቱንም በሦስት የክሊኒክ ቀን ጨረሰች።

ዛፉ ደረቀ። በሚስማሩ ይሁን በእርጅናው እግዜር ይወቀው፤ ብቻ ደረቀ። አናጢውም ከወገብ በላይ ቆርጦ ጣለው፤ ጉቶው ቀረ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በሰላም ተኛች፤ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር።

አላበቃም። ለካ አማት በዚያው ሰሞን የፈላ የልብስ ውሃ፣ ከነሳሙናው ከነበረኪናው፣ ከዛፉ ሥር ይደፉ ኖሯል። ቅጠሉ ሲረግፍ ባዩ ጊዜ ደረታቸውን ደቁ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ። «አርባ ዓመት ያቆመውን በአንድ ሳፋ ውሃ ገደልኩበት። ነገ በሰማይ ስንገናኝ ምን ብዬ ነው ፊቱን የማየው?» ዓመት ሙሉ ይህንኑ አለቀሱ፤ ምግብ ቀነሱ፤ ግፊታቸው ወጣ። ልብስ ሰፊዋም አጠገባቸው ተቀምጣ «ያረጀ ዛፍ ይደርቃል እማዬ፤ እርስዎ ምን አደረጉ» ትላለች፤ ሶፍት ታቀብላለች። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ስትል፣ ነገ ስትል፣ ዓመቱ እንዲሁ አለፈ። ውሸት ሲያድር ይከብዳል፤ ያደረበት ሁሉ ያውቀዋል።

በመጨረሻ አማት ራሳቸው «ንቀልልኝ ልጄ፤ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይደማል» አሉ። ይኸው አናጢው ከትናንት ጀምሮ ሲቆፍር፣ ሲፈልጥ፣ ሲገዘግዝ ጉቶው ንቅንቅ አላለም።

«አልቻልኩትም» አለ መጥረቢያውን ጥሎ ወደ መስኮቱ እየመጣ። «ከሥራ ጓደኛዬ የሞተር መጋዝ እዋሳለሁ። በአንድ ሰዓት ድራሹን አጠፋዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ተነሣች። አንድ ማታ እራት ላይ ራሱ ያወራላትን አልረሳችም። አብሮት የሚሠራ ሰው ያረጀ ጣውላ በሞተር መጋዝ ሲቆርጥ ሚስማር ገጠመው፤ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ፊቱን መታው። ዛሬ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሠራው። «ዕድለኛ ነው፤ ሁለት ጣት ዝቅ ቢል አንገቱ ነበር» ብሎ ነበር ባሏ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ።

«ለምን ባለሙያ አንጠራም?» አለችው።

«እኔ ምንድን ነኝ?»

«ማለቴ... ብረት ነገር ቢኖርበትስ?»

ሳቀባት። «ጣውላ ሲሆን ሚስማር እፈልጋለሁ። ቆሞ የበቀለ ዛፍ ሚስማር ሲያበቅል የት አይተሻል?»

«መነጽርህን እንኳ አድርግ።»

«እሺ እሺ» አለና ወጣ። የእሱን እሺ ታውቀዋለች።

ገና የግቢው በር ሳይዘጋ መሮና መዶሻ ይዛ ጉቶው ጋ ተንበረከከች። አንዱን እንኳ ባወጣ፣ ሁለቱን ባወጣ እያለች ግርጌውን ፋቀች። ኮላው እንጨት ሆኗል፤ የትኛው ደፈናዋ፣ የትኛው የዛፉ ጉርብጥ እንደሆነ አይለይም። ቆይታ ቆይታ አንዱን አገኘችው። በጉጠት ልትይዘው ብትል ምን ራስ አለውና ይያዛል፤ እሷው ናት እስከ ውስጥ የገፋችው። መሮው ተንሸራቶ ጣቷን ላጣት።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አሉ አማት ከኋላዋ። መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ወጥተዋል።

«መርፌ» አለች፣ ሌላ ምንም አልመጣላትም።

«ጉቶ ላይ?»

«ነፋስ ወስዶብኝ ነው።»

አማት አተኩረው አዩአት። ከጉቶው አራት እርምጃ ያህል ርቀው ዱካቸውን አስቀመጡ፤ ተቀመጡ። «መጨረሻውን ማየት አለብኝ። እኔ ነኝ የጀመርኩት» አሉ።

ባሏ የሞተር መጋዙን ተሸክሞ ሲመለስ ፊቱ እንደ ሠርገኛ ፈክቷል። መነጽር የለም። ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበ፤ በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ፤ ግቢው ተናወጠ። ከላይ ጀምሮ ነበር የሚቆርጠው፤ ጉቶውን እንደ ዳቦ በሸካራ ቁራጭ እየገመሰ ወደ ታች። የመጀመሪያው ቁራጭ ተገምሶ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ በዓይኗ ትለካለች፤ መለካት ሙያዋ ነው። ከሚስማሮቹ በላይ ሦስት ስንዝር። ሁለተኛው ወደቀ። ሁለት ስንዝር።

«እማዬ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ብናኙ...» ብላ ልታነሣቸው ሞከረች። እጃቸውን አወዛወዙባት፤ አልሰሙም፣ ቢሰሙም አይነሡም። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወዴት እንደሚወረወር አሰበች። ወይ ወደ ባሏ ፊት ነው፣ ወይ ወደ አማቷ፤ በየትኛውም በኩል የሷ እጅ አለበት። ልትናገር አፏን ስትከፍት የአማቷ ፊት ይመጣባታል፤ ያ የዓመት ልቅሶ፣ ያ ሁሉ ማጽናናት። ልታጣ የምትችለውን ሁሉ ቆጠረችው። ይህች ቤት ናት፤ ሌላ ቤት የላትም።

ሦስተኛው ቁራጭ ወደቀ። አንድ ስንዝር።

«ሚስማር አለበት! እኔ ነኝ የመታሁት!» ብላ ጮኸች።

ማንም አልሰማትም። ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። አማት ዘወር ብለው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን?» የሚል ምልክት አሳዩአት። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፈተናው። ተናግራለች፤ ግን አልተሰማም። ልትመለስ ትችላለች፤ ቀሚሱ መኪናው ላይ ይጠብቃታል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ አልዋሽም፣ ልትመለስ አሰበች።

ባሏ እግሩን አንፈራጦ ጎንበስ አለ። መጋዙ ወደ ግርጌው ወረደ።

ከኩሽናው በር አጠገብ የልብስ መለቅለቂያ ውሃ የሞላ ሳፋ ነበር። አነሣችው፤ እንዴት እንዳነሣችው እንጃ፤ ከፊት ለፊት ሮጣ ውሃውን ጉቶው ላይና ባሏ ላይ ደፋችው። አናጢው ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ።

«አብደሻል እንዴ?» አለ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ። «ልትገድዪኝ ነው?»

«ሚስማር አለበት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰባት ነው» አለች። ሳፋውን መሬት አስቀመጠች። «ዛፉን ለማድረቅ እኔ ነኝ የመታሁት። ካቻምና፣ ቅርንጫፉ ከወደቀ በኋላ።»

አማት ከዱካቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ድገሚልኝ» አሉ።

«እኔ ነኝ የመታሁት እማዬ።»

«ምኑን?»

«ዛፉን። ሰባት ሚስማር።»

«አንዴ ድገሚልኝ።»

ሦስተኛ ጊዜ ነገረቻቸው። አማት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ለዓመት የታመቀ ትንፋሽ ነው የሚመስለው። «እኔ አይደለሁማ» አሉ። «እኔ አይደለሁም ለካ።» ፊታቸው ሲፈታ አየችው። ቢረግሟት ይሻላት ነበር፤ እርግማን ጠብቃ ነበር፣ ለእርግማን ተዘጋጅታ ነበር። ደስ ሲላቸው ማየቱ ግን አንጀቷን ቆረጠው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። «አንድ ዓመት ሙሉ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርሽ» አሉ።

«ነበርኩ።»

«እንባዬን ጠርገሽልኛል።»

«አዎ። ለልጅቷ ፈርቼ ነው እማዬ። ሦስት ጊዜ ለምኜዎት ነበር።»

«ለምነሽኛል» አሉ አማት። «አልክድም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።» ዱካቸውን አነሡ፤ ልታግዛቸው ብትል እጇን ገለል አደረጉት። «ዛፉን ይቅር ብዬሻለሁ። ዛፍ ነው። ዓመቱን ግን እንጃ፤ እሱን አላውቅም።» ገቡና የክፍላቸውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።

አናጢው መሮና ጉጠት አምጥቶ ተንበረከከና «አሳዪኝ» አላት። በጣቷ አሳየችው፤ እዚህ፣ እዚህ ደግሞ፣ ከዚህ ሥር ዞር ብሎ። መሮው እንጨቱን እየፈለቀቀ አንድ በአንድ አወጣቸው፤ ከሰዓት በላይ ፈጀ። ሰባቱንም ጉቶው ላይ ደረደራቸውና አንዱን አንሥቶ አገላበጠው።

«የኔ ናቸው» አለ።

«ከቆርቆሮህ ነው የወሰድኩት።»

«እንዴት አልሰማሁሽም?»

«አንተ ስትመታ ነበር የምመታው።»

ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ለምን ያኔ ሥራ ክፍሉ እንደገባ፣ ከማን ሸሽቶ መዶሻ እንዳነሣ ሳያስታውስ አልቀረም። ሚስማሩን ከስድስቱ ጋር መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ተነሣ፤ የሞተር መጋዙን ከርጥበቱ በሸሚዙ ጠረገው፤ ጉቶው ጋ ተመልሶ እግሩን አንፈራጠጠ።

«ሌላ የለም?» አላት።

«የለም።»

«ሰባት ብቻ?»

«ሰባት ብቻ። በልጄ።»

ገመዱን ያዘ። አልሳበውም። ጉቶውን አየ፣ እሷን አየ፤ ዘጠኝ ዓመት አብራው የተኛችን ሴት እንደዚያ አይቷት አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ እውነቷን ነበር የምትናገረው፤ በዚያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግራ አታውቅም፤ ያንን የሚያውቅላት ግን እሷው ብቻ ናት። ከዚያ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ጎን አስቀመጠና ዶማውን አነሣ።