የኤሊነድ ሁለት መስመሮች

ኤሊነድ በዌልስ ተራሮች መሃል ካለው ቤቷ ሆና ለቴሌቪዥን ፊልሞች የግርጌ ጽሑፍ ታዘጋጃለች። በአንድ የስልክ መስመር አንድ ፊልም ማውረድ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅባት ሁለተኛ መስመር አስገባችና ሁለቱን በአንድ የኢንተርኔት ሞደም አጣመረቻቸው። ሦስት ሳምንት በደንብ ሠራላት። ከዚያ ዝናቡ ሲበረታ አንደኛው መስመር ሞተ።

ለስልክ ድርጅቱ ደውላ ብልሽቱን አስመዘገበች። ዲልዊን የሚባል ቴክኒሻን መጥቶ ምሰሶው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ "ተስተካክሏል" ብሎ ሄደ። እውነትም አንደኛው ተነሣ። ሻይዋን ሳትጨርስ ሁለተኛው ሞተ።

በማግስቱ ለሁለተኛው ጌሬንት የሚባል መጣ። እሱም ወጣ፣ ወረደ፣ "ተስተካክሏል" አለ። ይኼኛው ሲነሣ ያኛው ሞተ።

አምስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በድርጅቱ ስልክ የምታነሣው ልጅ መልስ አይለወጥም።

"እመቤት፣ መዝገቡ ችግሩ ተፈቷል ይላል።"

"የቱ ችግር?"

"የአንደኛው መስመር።"

"እኔ የምልሽ ሁለተኛውን ነው።"

"እሱማ ትናንት ተፈቷል።"

ኤሊነድ ስልኩን ዘግታ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ማልቀስ አማራት፤ ማንን ብላ ታልቅስ?

ዲልዊን በድጋሚ ሲመጣ ከሞደሙ ፊት ተቀምጣ ጠበቀች። እሱ ምሰሶው ላይ እንዳለ ሞደሙ ላይ የአንደኛው መስመር መብራት በራ፤ በዚያው ቅጽበት የሁለተኛው ጠፋ። ያኔ ገባት። ሁለቱ ሰዎች ደህና የቀረችውን አንዷን ሽቦ ከአንዱ መስመር ነቅለው ወደ ሌላው እየቀጠሉ፣ እየተነጣጠቁ ነው።

ሁለቱንም ለአንድ ጠዋት ቀጠረቻቸው። መኪኖቹ በሯ ላይ ተፋጠጡ።

"አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?" አለ ዲልዊን።

"ሁለተኛውን ልጠግን። አንተስ?"

"አንደኛውን።"

"ሽቦዬን የሚወስደው ሌባ አንተ ነህ እንዴ?" አለ ጌሬንት።

"ትርፍ መስሎኝ ነው። የተሰጠኝ ወረቀት ስለ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚያወራው።"

"የእኔም እንደዚያው።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሰራረቁ ከረማችሁ፤ አሁን ሁለታችሁም ሳትጨርሱ አትሄዱም" አለች ኤሊነድ።

ሽቦውን ተከትለው ቁልቁል ወረዱ። ከመንገዱ ዳር፣ ከአጥሩ ሥር ሲቆፍሩ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ አገኙ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጠው በአዲስ ቀጠሉት። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መብራቶች አንድ ላይ በሩ።

"ዝናብ ሲመጣ ሊያስቸግር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቢሮ አይደውሉ" አለ ጌሬንት፣ የገዛ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እየጻፈ።

"እንዲህ ማድረግ አይፈቀድም እኮ" አለ ዲልዊን። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ የራሱንም ጨመረበት።

ሲሄዱ ካርዲፍ ከተማ ለሚገኙት አሠሪዎቿ ደውላ መስመሯ መዳኑን ነገረቻቸው።

"ደስ ይላል" አሏት። "ለሰኞ የሚደርሰውን ፊልም ግን መስመርሽ ስለተበላሸ ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል። በሚቀጥለው ወር እንጠራሻለን።"

"እሺ" ብላ ዘጋች። የምትሠራው ባይኖርም ሁለቱን መብራቶች እያየች ከሞደሙ ፊት ተቀመጠች።