በጭብጨባው መሀል

ኦሊያድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምእመናኑ አጨበጨቡ።

በግራ እጁ የጊታሩን ክር፣ በቀኙ ማይኩን እንደጨበጠ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ከአፉ የሚወጣው ቃል ሳይሆን ማቃሰት ነው። ታቦር ተራራ ሥር ባለችው በዚህች የቆርቆሮ አዳራሽ የቅዳሜ ከሰዓት ጸሎት ላይ ሰው በመንፈስ ተነክቶ መንቀጥቀጡ አዲስ ነገር አይደለም።

"ሃሌሉያ! ጨምርለት ጌታ ሆይ!" አሉ ሽማግሌው ጋሽ ማቴዎስ ከፊት ወንበር።

የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ጋ የተቀመጠችው ሮሆቦትም ድምፁን ጨመረችለት።

ከዚያ ጣቶቹን አየች። ማይኩን ለመልቀቅ ይታገላሉ፤ አይለቁም። እግሩ ሥር ከጣሪያው የፈሰሰው የዝናብ ውሃ ተኝቷል።

"ኤሌክትሪክ ይዞታል! ማንም እንዳይነካው!"

ከበሮ መቺው ዳዊት ሊያቅፈው እጁን ዘርግቶ ነበር።

"ዳዊት፣ ተመለስ! አንተም ትሞታለህ!"

ሮጣ ዋናውን ማጥፊያ አወረደችው። መብራቱ ጠፋ፤ ኦሊያድ ወደቀ። ከኋላ ያሉት ግን አሁንም ያጨበጭባሉ።

አይተነፍስም።

"ወተት! ወተት አምጡ!" አለች አንዲት ሴት።

"አውጡና አፈር ላይ አስተኙት፤ አፈር ይስብለታል" አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

"አፈር ምንም አይስብም፣ ጋሽ ማቴዎስ። ባጃጅ ያስጠሩልኝ።"

ዩኒቨርሲቲ እያለች በቀይ መስቀል ክበብ ልቡ የቆመን ሰው መርዳት የተማረችው በአሻንጉሊት ላይ ነበር። ሁለት መዳፏን ደራርባ ደረቱ መሀል ላይ በኃይል ትጫን ጀመር።

"አጥንቱን ልትሰብሪው ነው እኮ!" አለ ዳዊት።

"ይሰበር።"

ክንዷ ሲዝል ዳዊትን በቦታዋ አስገባችው፤ መልሳ ተቀበለችው። ኦሊያድ እንደሰመጠ ሰው አየር ሲስብ ሁሉም እንደገና ሃሌሉያ አለ።

ባጃጁ ውስጥ በእሷና በጋሽ ማቴዎስ መሀል አስቀመጡት። መዳፉ ላይ የተቃጠለው ቆዳ ነጭ ሆኗል።

"ደህና ነኝ እኮ፤ ትንሽ ነዘረኝ እንጂ" አለ። "ነገ ኮንፈረንስ አለብን።"

"አፍህን ዝጋ፣ ኦሊያድ።"

ጋሽ ማቴዎስ ከኦሊያድ ጀርባ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ ሐኪም ከጠየቀ ነካ አድርጎት ለቀቀው እንበል። ልጁን ኤሌክትሪክ ይዞት እነሱ ያጨበጭባሉ ከተባለ የከተማው መሳቂያ ነን። ደግሞ ሽቦውን የምትዘረጊው አንቺ ነሽ።"

የአምፕሊፋየሩ ስፒና ኤክስቴንሽኑ ውስጥ አልገባ ሲላት፣ ሰው እንዳይነዝር የሚጠብቀውን የመሬት መስመር፣ የመሀሉን እግር፣ በፒንሳ የቆረጠችው እሷ ናት። ሰው ማይኩ ይነዝራል ሲላት ደግሞ "በመሀረብ ያዙት" ትል ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛዋ ሐኪም ወረቀቷን አዘጋጀች። "ምን ያህል ጊዜ ያዘው?"

"ነካ አድርጎት ለቀቀው፣ ዶክተር" አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

"ራሱን ስቶ ነበር?"

"ደንግጦ ወደቀ እንጂ፣ ኧረ ምንም አልሆነ።"

ሐኪሟ ጻፈች። "እንዲህ ከሆነ ቁስሉን አሽገን እንሸኘዋለን። ብዙ ቢይዘው ኖሮ ግን የልብ ምቱን በማሽን እየተከታተልን እናሳድረው ነበር። አንዳንዱ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ልቡ የሚከዳው።"

"አይ፣ ቤቴ ልሂድ" አለ ኦሊያድ። ፊቱን አልቦታል።

ሮሆቦት የእጁን አንጓ ያዘች። ምቱ ሁለቴ መጣ፣ ቀረ፣ ከዚያ ሦስቴ ተከታትሎ መጣ። ጋሽ ማቴዎስ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም።

"የጻፉትን ይሰርዙት፣ ዶክተር" አለች። "ሃያ ሰከንድ ያህል ይዞታል። ትንፋሹም ቆሞ ነበር።"

ሐኪሟ ቀና አለች። "ሃያ ሰከንድ ሙሉ ለምን አላጠፋችሁትም?"

ሮሆቦት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከስፒናው ጀምራ ነገረቻት።