የገበያ ቀን ቆጠራ

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ እዚህም ጋ፣ መጨረሻው ገጽ ላይም» አለ አቶ ገብረአብ፣ ሦስቱን ቦታ በእርሳስ ምልክት እያደረገ።

ርዕሰ መምህርት አልታየች ብዕሩን ተቀብላ ጎንበስ እንዳለች ዓይኗ ቁጥሩ ላይ አረፈ። የድጎማ መረከቢያ ቅጽ ነው፤ የትምህርት ቤቷ ስም አለ፤ ከጎኑ «የተማሪ ብዛት» ይልና አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ተጽፏል። ደግማ አነበበችው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«ይሄ የኔ ትምህርት ቤት አይደለም።»

«ስሙን አላዩትም እንዴ?»

«ስሙማ የኔ ነው። ልጆቹ ናቸው የሌሉበት። እኔ አራት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ነው ያለኝ። ሁለት መቶ ሰባ አምስቱን የት አደረጋችኋቸው?»

ገብረአብ ደብረ ብርሃን ያለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድና በጀት ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ቢያንስ ተጣልቶ መውጣት ይቻላል። እሱ ግን ወንበር የሚስብ፣ «ሻይ ይምጣልዎት?» የሚል፣ አንገት እየነቀነቀ ሰምቶ ሲያበቃ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ሰው ነው። አሁንም ፈገግ አለ።

«መምህርት አልታየች፣ ገንዘቡ የሚከፋፈለው በምዝገባ ዝርዝር አይደለም። ባለሙያዎቻችን ወርደው በዓይናቸው አይተው በቆጠሩት ተማሪ ልክ ነው። እርስዎ ዘንድ መቼ እንደመጡ ያስታውሳሉ?»

እንዴት አታስታውስ! የገበያ ቀን ነበር።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። የአልታየች ትምህርት ቤት ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በዚያ አገር በገበያ ቀን ቤት የሚቀር የለም። ማሽላው፣ ሎሚው፣ ፍየሉ ሁሉ የሚወጣው ያን ቀን ነው፤ ልጅ ካልተሸከመ፣ ልጅ ካልነዳ ማን ይነዳል? ድሮ በገበያ ቀን ክፍሎቹ ባዶ ይውሉ ነበር። አልታየች ርዕሰ መምህርት በሆነች በዓመቱ ከወላጆች ጋር ተቀምጣ መከረች። ከአገር ሽማግሌዎቹ ሼህ ዓብዱራህማንም ነበሩ፣ አቶ ወልደተንሣኤም ነበሩ። ስምምነቱ ይኸው ነው፦ በገበያ ቀን ልጆቹ ገና በማለዳ ይመጣሉ፣ እስከ አራት ሰዓት ይማራሉ፣ ከዚያ ይለቀቃሉ። የቀረው ትምህርት ቅዳሜ ጠዋት ይካካሳል። ልጆቹም ወላጆቹም «ማካካሻ» ነው የሚሉት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ደወል ተደውሎ የቀረ ልጅ በጣት ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ደንቡ በትምህርት ሰዓት ተማሪ መልቀቅን ይከለክላላ! የወላጆችን ቃል ይዛ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብላ ስትሠራ ኖረች።

ዘንድሮ የትምህርት በጀቱ ሲቀነስ በመጀመሪያ የተነካው የኮንትራት መምህራን ደመወዝ ነው። እሷ ዘንድ ሦስት አሉ፤ ሰባተኛንና ስምንተኛን ክፍል የያዙት እነሱ ናቸው። ከዚያ ተስፋ መጣ። ፌዴራል መንግሥት ለተቀነሰው ማካካሻ የሚሆን ድጎማ ላከ ተባለ። አልታየች ወሬውን በሰማች ቀን መምህራኑን ሰብስባ «አይዟችሁ፣ ማንም አይሄድም» ብላ ነበር። ቆጣሪዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንኮበር ላይ ቁርሳቸውን በልተው፣ ፀሐይ ሞቀው፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ደረሱ። ያገኙት ገበያ የሚወርድ ነገር የሌላቸውን ልጆች ብቻ ነው።

«ነግሬያቸው ነበር» አለች። «ዛሬ ገበያ ነው፣ ነገ ተመለሱ አልኳቸው። እናስተካክለዋለን ብለውኝ ሄዱ።»

«በጽሑፍ ነው የነገሯቸው?»

በቃል ነበር። በጽሑፍ ለማድረግ ፈርታ ነበር።

«አዩ» አለ ገብረአብ በሐዘኔታ። «በዚያ ላይ ቁጥሩ የገባበት ሲስተም ተዘግቷል።»

«ሲስተሙን የዘጋው ሰው የለም? መክፈት የሚችል ሰው የለም?»

«እንዲህ አይቆጡ። ስጦታ ነው የመጣው። ምንም ከማጣት አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት አይሻልም?» ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነጭ ኮፍያ አውጥቶ ሰጣት። ግንባሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ማካካሻ ለትውልድ» የሚል ታትሟል። «አምስት ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ የርክክብ ሥነ ሥርዓት አለ። ርዕሳነ መምህራን ሁሉ አድርገውት ፎቶ ይነሳሉ።»

ድንቄም ማካካሻ! ለልጆቹ አስተማሪ ጠፍቶ ለርዕሰ መምህሩ ኮፍያ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። በዚህ ቁጥር ከፈረመች ሦስቱ መምህራን በወሩ መጨረሻ ይሰናበታሉ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይዘጋሉ። ልጆቹ አንኮበር ድረስ ሦስት ሰዓት ዳገት መውጣት አለባቸው፤ ማን ይወጣል? የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ሁለት ወር ነው የቀረው።

ስልኳ ጮኸ። ሰላሀዲን ነው፣ የሳይንሱ መምህር፤ ከሦስቱ አንዱ።

«እትዬ፣ ልጆቹን ለገበያው ልንለቃቸው ነው፤ እየጠየቁኝ ነው። ማካካሻው አለ ወይ?»

«የትኛው ማካካሻ?» አለች።

«የነገው ነዋ! ቅዳሜ አይደል ነገ? ለስምንተኞቹ የደም ዝውውርን ልጨርስላቸው ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኛውማ... እሱን አላህ ያውቃል። ጥሩ ነገር አለ?»

ይህ ሰው በወሩ መጨረሻ ይሰናበት አይሰናበት ሳያውቅ ስለ ነገ ያስባል። ለቅዳሜው ማንም አምስት ሳንቲም ከፍሎት አያውቅም።

«ነገ ማካካሻ አለ በላቸው» አለች። «እኔም እደርሳለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ገብረአብ ዞረች።

«ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል?»

«እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይቻላል። ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። ልጆቹ በቆጠራው ሰዓት ያልነበሩበትን በቂ ምክንያት።»

«ምክንያቱማ ገበያው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን በአራት ሰዓት ለቅቄ ቅዳሜ ሳካክስ ኖሬአለሁ።»

ገብረአብ ተነስቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። «ይስሙኝ፣ እንደ ወንድም ልንገርዎት። ተማሪ በትምህርት ሰዓት እየለቀቅኩ ነበር ብለው ከጻፉ፣ ያ ወረቀት ለቅሬታው ብቻ አይሆንም። ዲሲፕሊን ኮሚቴም ያየዋል። ዘጠኝ ዓመት ነው ያሉኝ? ከቦታዎ ያነሱዎታል። የቆጠራው ነገር ይስተካከል አይስተካከል እግዜር ነው የሚያውቀው፤ የእርስዎ ነገር ግን የታወቀ ነው። ይፈርሙና ይሂዱ።»

እውነቱን ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። የዋሸ ሰው ቢሆን በጥፊ ባትለው እንኳ ትሰድበው ነበር። ልጆቹ የሉም ብላ ብትፈርም በቦታዋ ትቆያለች፤ ልጆቹ አሉ ብላ እውነቱን ብትጽፍ ትጠየቃለች። ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይሄ? ያስተማረ የሚቀጣበት፣ አርፍዶ መጥቶ የቆጠረ አበል የሚበላበት!

«ነጭ ወረቀት አለዎት?» አለች።

«መምህርት...»

«ወረቀት።»

ሰጣት። ኮፍያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። ብዙ አልጻፈችም። «በገበያ ቀን ተማሪዎችን ከአራት ሰዓት በኋላ የምለቀው እኔ ነኝ። ያዘዘኝ የለም። ቅዳሜ ጠዋት አካክሳለሁ፤ የዘጠኝ ዓመት የቅዳሜ መዝገብ አለኝ። ባለሙያዎቻችሁ የደረሱት በአምስት ሰዓት ነው። ተማሪዎቼ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ቅዳሜ መጥታችሁ ቁጠሩ።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጻፈችና ፈረመች። ሦስቱን የእርሳስ ምልክቶች እንደነበሩ ተወቻቸው።

ገብረአብ አንብቦ መለሰላት።

መዝገብ ቤት ውስጥ ብዙነሽ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ደብዳቤ እየመዘገበች ነበር። ከአልታየች ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው።

«እትዬ፣ ሥነ ሥርዓቱ አልጀመረም እንዴ? ሁሉም እኮ ወደ አዳራሽ እየሄዱ ነው።»

«ይግቡ። ይሄን ገቢ አድርጊልኝ ብዙዬ። ፎቶ ኮፒ አንሺልኝና ቅጂው ላይም ማኅተም ምቺበት።»

ብዙነሽ ቁጥርና ቀን ልትጽፍ ስትል ዓይኗ ደብዳቤው ላይ ሮጠ። ቀና አለች። «እትዬ... ይሄን አስበውበታል? አንዴ ገቢ ካደረግሁት ማውጣት አልችልም እኮ።»

«ለሱ ነው ያመጣሁት።»

ብዙነሽ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ የመዝገቡን ገጽ ገለጠች፣ ቁጥር ሰጠች፣ ቀን ጻፈች። «ጉዳዩ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ላይ ምን ልበል? ቅሬታ? የቆጠራ ማስተካከያ?»

አልታየች በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ርዕሳነ መምህራን አዳራሹ ደጃፍ ላይ ለፎቶ እየተሰለፉ ነው። በእጇ የያዘችውን ኮፍያ የብዙነሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ማካካሻ በይው» አለች። «ቶሎ ምቺልኝ፣ የአንኮበር መኪና ሳያመልጠኝ። ነገ ጠዋት ደወል የምደውለው እኔ ነኝ።»