ያለ ሙጫ የቆመ ሳጥን

ወንድሜ ኦጅዋክ ሊያገባ ነው። ለሙሽሪት ለአጓ ቤተሰብ የሚሰጠው ዲሙይ፣ ያ የኛ የአኙዋ የጥሎሽ ሰማያዊ ጨሌ፣ ከሰማይ አልወረደም። እኔ ሳገባ በእኔ የመጣ ነው። በእህት ይገባል፣ በወንድም ይወጣል፤ ደንባችን ነው፣ ከደንቡ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአወጣጡ ነው። በእኔ ስም የገባ ጨሌ እንደ ትራፊ ቅመም በፌስታል ተጠቅልሎ እንዲወጣ አልፈልግም። መያዣ ሳጥን በእጄ ልሠራለት ቆረጥኩ።

«በወረቀት?» ብለው ሳቁ አጎቴ ኦቻላ፣ የቤታችን ሽማግሌ። «በዚያው የወረቀት ጀልባም ሥሪልን!»

አዎ፣ በወረቀት። ዱቄት በጥብጬ ብለጥፈው የጋምቤላ ጉንዳን በማግሥቱ ይጨርሰዋል። እኔ የፈለግሁት ብዙ የታጠፉ ወረቀቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ያለ ሙጫ የሚቆሙበትን ኦሪጋሚ፣ የጃፓኖቹን የወረቀት ማጠፍ ጥበብ ነው። ለዚያ ደግሞ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ፍለጋው አንጀቴን አሳረረው። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ የተገኘው የወረቀት ወፍና ቆብ የሚያስተምር የሕፃናት መጽሐፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጋትዌች ከቴሌግራም አንድ አውርዶ አተመልኝ። ሲያዩት ያምራል! በየገጹ ያለቀለት ሳጥን ፎቶ አለ፤ አሠራሩ ግን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ዘሎ ያልፋል። መሀል ላይ እጄ ምን እንደሚያደርግ ማን ይንገረኝ? ሰውየው ሊያስተምር ሳይሆን ሊደነቅ ነው የጻፈው። ቀዳድጄ ጣልኩት።

«ሌላ ፈልግ» አልኩት ጋትዌችን።

«አለ፤ ግን ጃፓንኛ ነው። ማን ሊያነበው?»

«አትምልኝ።»

አንድ ቃል አላነበብኩም። ያ መጽሐፍ ግን ምንም አልደበቀኝም። ከማጠፍ በፊት ወረቀቱን ጎኑን ሁሉ እኩል አድርጎ መቁረጥ ያሳያል፤ እኔ ከደብተር የገነጠልኩትን እንዳለ እያጠፍኩ ክዳኑ ለምን እንደማይገጥም ግራ ይገባኝ ነበር። ወረቀቱ የሚገለበጥበት፣ ጣት የሚገባበት፣ አንዱ በሌላው ጉያ የሚሸጎጥበት ሁሉ በቀስት ተሥሏል። መጽሐፍ እንዲህ ነው እንጂ! የማያውቀው የኛን ክረምት ብቻ ነው። በዚህ እርጥበት ወረቀት ይልፈሰፈሳል፤ ስለዚህ የአሮጌ ካላንደር ጠንካራ ወረቀት ፈልጌ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ አጠፍኩ።

የጥሎሹ ቀን ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተሰበሰቡ። ሳጥኑን አቀረብኩ። አጎቴ ጨሌውን የቋጠሩበትን ፌስታል አለቀቁም።

«ክብራችንን በካላንደር ወረቀት ይዘን እንሂድ?»

«ፌስታል ነው ክብሩ?»

«መንገድ ላይ ቢፈታስ?»

ደሜ ፈላ። ፌስታሉን ከእጃቸው ወሰድኩ። ለአጎቴ መልስ መስጠት እንኳ ነውር ነው በተባለበት ቤት ነው ያደግሁት። ጨሌውን ሳጥኑ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ከዚያ ሁሉም እያየ ዘቅዝቄ ነቀነቅሁት። ዲሙዩ ውስጡ ተንኳኳ። አንዲት ፍሬ እንኳ አልወደቀችም።

«በእኔ የመጣ ነው፤ እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ።

በቤታችን ዲሙይ ይዞ ከፊት የሚሄደው ወንድ ነው። እስኪፈቀድልኝ አልጠበቅሁም፤ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጥቂት ሄጄ ዞር ስል ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ እየመጡ ነው። አጎቴ ኦቻላም መሀላቸው ነበሩ።