ከጅባራው ጎን የቆመችው

ደርበው ሰው ጠልቷል እየተባለ በላሊበላ ቢታማም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰው ጠልቶ አልነበረም። ሰው አልቆበት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሚስቱን ደብሪቱን ቀበረ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የራሱ ሳል ብቻ ሆነ።

የቀረው አንድ ሣጥን ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ከአሸተን ማርያም በላይ ያለውን ተራራ ሲያስሱ፣ ዕቃቸውን የሚሸከመው ደርበው ነበር። አውሬውንም ዕፅዋቱንም ለኤግዚቢሽን በስላይድ አነሱት። ስላይድ ማለት በካርቶን የታቀፈች፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ፣ ወደ ብርሃን ካልያዟት ምንም የማታሳይ ፊልም ናት። አገር ሲታወክ ጊዜ የስላይዶቹን ሣጥን "አደራ" ብለው ሰጥተውት ሄዱ።

ከስላይዶቹ በአንዷ ደብሪቱ አለች። ስንቅ ልታደርስ ወጥታ፣ ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቁመቱ እንዲታወቅ ብለው አጠገቡ አቆሟት። "ወይ ጉድ! እኔን ከቅጠል ጋር ደግሞ ምን ልታደርጉኝ?" እያለች ስትስቅ አነሷት። በዕድሜዋ ሌላ ፎቶግራፍ ተነስታ አታውቅም።

እሷ ከሞተች ወዲህ ደርበው ጠዋት ጠዋት ስላይዷን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ "እንዴት አደርሽ?" ይላታል። ከዚያ ግንባሩንም ከንፈሩንም አስነክቶ እንደ መስቀል ይሳለማታል። እንግዲህ ላስታ ተወልዶ፣ የከበረ ነገር በእጁ ይዞ ሳይሳለም የሚያስቀምጥ ማን አለ!

በሰባ ስምንት ጥቅምት ላይ ጋሻዬ የሚባል የሙዚየሙ ሠራተኛ ደብዳቤ ይዞ ከች አለ። ሣጥኑ የመንግሥት ንብረት ነውና ይመለስ ይላል ደብዳቤው። ደርበው አላንገራገረም፤ አደራ በል አይደለም። ብቻ አንዷን ስላይድ ከሣጥኑ አውጥቶ በእጁ ያዘ።

"ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ውሰድ። ይችን አንዲቱን ተውልኝ። ሚስቴ ናት። ሌላ መልክ አልቀረላትም።"

"አባባ፣ ሁሉም በመዝገብ የሰፈረ ነው። አንድ ከጎደለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ዘመኑን ያውቁታል" አለ ጋሻዬ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ፈሪ ነው እንጂ። በዚያን ጊዜ ደግሞ ማን ያልፈራ አለ?

ጋሻዬ ስላይዷን ተቀብሎ በር ላይ ቆመና በአጉሊ መነጽሩ ተመለከታት። መነጽሩን በመሀረብ ጠርጎ እንደገና አየ።

"ይችን ሰው ነክቷታል?"

"ኧረ ማንም! እኔ ብቻ ነኝ ጠዋት ጠዋት የምሳለማት።"

ጋሻዬ ፊልም እርጥበትና ቅባት እንደማይወድ ሊነግረው አፉን ከፍቶ ተወው። "ተበላሽታለች ብዬ እመዘግባታለሁ። እርስዎ ዘንድ ትቅር" አለ።

የደርበው ደስታ! ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ጋሻዬ ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው።

"እግዜር ይስጥህ። እስቲ በዚያ መነጽር አንዴ ልያት፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ሳቋን ጠግቤው አላውቅም።"

"ይቅርብዎት፣ አባባ።"

ደርበው አልሰማውም፤ ስላይዷንም መነጽሩንም ተቀብሎ፣ ስላይዷን ወደ ፀሐይ ይዞ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገው።

ጅባራው ጥርት ብሎ ቆሟል። ቀሚሷ አለ፣ መቀነቷ አለ። ከአንገቷ በላይ ግን የተላጠ፣ የነጣ ነገር ብቻ ነው። ለካ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ያይ የነበረው በልቡ ኖሯል።

ደርበው መነጽሩን አወረደ።

"ስስማት፣ ስስማት ጨረስኳት" አለ።